ቀመሩን መሸምደድ ይበቃል ወይ? የኳድራቲክ እኩልታ ክር ከነምላሾቹ

የመስመር ላይ ውይይቱን (ክሩን) የከፈተው ሰው አቋሙን ያስቀመጠው ያለምንም ማመንታት ነው። ማንኛውም ኳድራቲክ እኩልታ (ያልታወቀው ቁጥር በካሬ የገባበት እኩልታ) በአንድ ቀመር የሚፈታ ከሆነ ፋክተራይዝ ማድረግ (የሚባዙ ቅንፎች አድርጎ መጻፍ)፣ ካሬ ማሟላት፣ ግራፍ መሳል ለምን ያስፈልጋል ይላል። ቀመሩን አንዴ በቃል መያዝ፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው መክተት፣ መልሱን ማውጣት፤ አለቀ። ለማሳያ መ² − 6መ + 4 = 0 የሚለውን ወስዶ በቀመሩ ሠራውና 5.236 እና 0.764 አገኘ። (በክሩ ውስጥ ያልታወቀውን ቁጥር ሁሉም በ«መ» ነው የሚጽፉት፤ የታወቁትን ቁጥሮች (ኮኢፊሸንቶቹን) ደግሞ በ«ሀ»፣ በ«ለ» እና በ«ሐ»።) የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ ብሎ ጨረሰ።

እኔ ከሚቃወሙት ወገን ነኝ። ቀመሩን የማያውቅ ተማሪ ይቸገራል፤ ቀመሩ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ተማሪ ግን መቸገሩን እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ያልፉታል፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። ክሩን እዚህ የምተርከው ከምላሾቹ ጥቂቶቹ ይህን ጉዳይ ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ከሚያብራራው በላይ አጥርተው ስላሳዩት ነው።

ምላሽ 1 ለከፋቹ ድጋፉን ሰጠ። ፈተና ላይ ሰዓት አጭር ነው፤ ተባዝተው ይህን፣ ተደምረው ያን የሚሰጡ ቁጥሮችን ስትፈልግ ደቂቃው ያልቃል፤ ቀመሩ ግን አያሳፍርም አለ። ለረሳውም ሰው ጻፈለት፦ ሀመ² + ለመ + ሐ = 0 ከሆነ፣ መ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ)) ÷ 2ሀ።

ምላሽ 2 ሒሳብ አስተምራለሁ ካሉ ሰው የመጣ ነው። ክር ከፋቹን «እርስዎ» እያሉ፣ በጨዋ አነጋገር፣ ክርክር ውስጥ ሳይገቡ አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው፦ ያገኟቸውን ሁለት መልሶች ይደምሯቸው። 5.236 እና 0.764 ሲደመሩ 6 ይሆናሉ። 6 ደግሞ እኩልታው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሲባዙስ? 4 ይሆናሉ፤ እሱም እዚያው አለ።

ምላሽ 3 የራሱ የከፋቹ ነው። መ² − 7መ + 10 = 0ን ሞክሮ 2 እና 5 አገኘ፤ ድምራቸው 7፣ ብዜታቸው 10። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከመጀመሪያው ልጥፍ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ወዲያው ተለውጧል፤ ጥያቄው የእውነት ነበር።

ምላሽ 4ን ዝርዝሩን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፤ የክሩ ልብ እሱ ነውና። ጸሐፊው የጀመረው ከኋላ ነው። ሁለቱ መልሶች ነ እና ረ ናቸው እንበል፤ ስለዚህ እኩልታው (መ − ነ)(መ − ረ) = 0 ነበር ማለት ነው። ቅንፎቹን አባዝተን ስንዘረጋቸው መ² − (ነ + ረ)መ + ነረ = 0 ይመጣል። መሀል ላይ ያለው ቁጥር የመልሶቹ ድምር ነው፣ ምልክቱ ተገልብጦ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ብዜታቸው። የዚህን ግንኙነት ስም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፍራንስዋ ቪየት ጋር አያይዘው እንደሚጠሩትም ጠቀሰ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ድምሩ 6 ከሆነ የሁለቱ መልሶች መሀል 3 ነው። ሁለት ቁጥሮች ከመሀላቸው እኩል ይርቃሉና አንዱ 3 + ር፣ ሌላው 3 − ር ነው፤ «ር» ርቀቱ። ብዜታቸው 4 መሆን አለበት። (3 + ር)(3 − ር) ማለት 9 − ር² ነው። 9 − ር² = 4 ከሆነ ር² = 5። ስለዚህ መልሶቹ 3 + √5 እና 3 − √5 ናቸው። መገመት የለበትም፣ የተሸመደደ ቀመርም አልገባበትም። √5 ወደ 2.236 ስለሚጠጋ የከፋቹ ዴሲማሎች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ቀመሩን ራሱን እንደገና ስታዩትም ሁለቱ ክፍሎች ይለያሉ፦ −ለ ÷ 2ሀ የሚለው መሀሉ ነው፤ ± የተደረገበት ደግሞ ከመሀሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለው ርቀት።

በእኔ እምነት ኳድራቲክ እኩልታን መረዳት ማለት ይህን ማየት ነው። መሀሉን ፈልግ፣ ርቀቱን ፈልግ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል፣ ክሩም ወደ ታች ሲወርድ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ምላሽ 5 ይህ ዘዴ አዲስ ግኝት ነው አለ፤ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆኑት ፖ-ሸን ሎ በ2019 ያስተዋወቁት እንደሆነም ጻፈ። ምላሽ 6 ተቆጣ። ድምርና ብዜት ሰጥቶ ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ፣ ለዚያም ድምሩን ለሁለት ከፍሎ መጀመር፣ የባቢሎን ሰዎች የዛሬ 4000 ዓመት ገደማ የሸክላ ጽላት ላይ ሲሠሩት የነበረ ነገር ነው፤ ሎም ራሳቸው የዘዴው ክፍሎች ጥንታዊ መሆናቸውን ጽፈዋል፤ ሳያነቡ «አዲስ» ማለት ነውር ነው አለ። ትክክል ነበር። ቁጣው ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ አንድን አሮጌ ሐሳብ ለክፍል በሚስማማ መልክ አደራጅቶ ማቅረብም ሥራ ነው።

ምላሽ 7 ለ6 ማስተካከያ ጨመረ። ባቢሎናውያኑ አጠቃላይ ቀመር አልጻፉም፤ ኔጌቲቭ ቁጥርም አልነበራቸውም። የጻፉት በተወሰኑ ቁጥሮች ላይ የተሠራ የአሠራር ቅደም ተከተል ነበር፣ ያውም በ60 ቤት አቆጣጠር። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ጽላት ላይ ያለውን ጥያቄም ተረከው፦ የአንድ ካሬ ስፋትና ጎኑ ሲደመሩ ሦስት አራተኛ ቢሆኑ፣ ጎኑ ስንት ነው? በእኛ አጻጻፍ መ² + መ = ¾ ማለት ነው። አሠራሩም የ1ን ግማሽ ውሰድ፣ ½፤ በራሱ አባዛው፣ ¼፤ ¾ ላይ ጨምረው፣ 1 ይሆናል፤ የ1 ስኩዌር ሩት 1 ነው፤ ከዚህ ½ን ቀንስ። ጎኑ ½። ይህ ሰው ካሬ ማሟላትን ያለ አንድም ፊደል ሠርቶታል።

ምላሽ 8 ደግሞ ካሬ ማሟላት ለምን «ማሟላት» እንደሆነ በዓይን የሚታይበትን ሥዕል አመጣ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ መ² + 10መ = 39ን የፈታበት ነው። ጎኑ መ የሆነ ካሬ ሣል። 10ን ለሁለት ክፈልና ወርዱ 5 የሆነ አራት ማዕዘን በቀኝ በኩል፣ ሌላ ወርዱ 5 የሆነ ከታች ለጥፍ። እስካሁን የተሣለው ጠቅላላ ስፋት 39 ነው። ቅርጹ ካሬ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ጥጉ ላይ 5 በ5 የሆነ ቦታ ባዶ ነው። እሱን ሙላ፤ 25 ጨመርክ። አሁን ትልቁ ካሬ 64 ሆነ፣ ጎኑም 8። ከ8 ላይ 5 ስትቀንስ መ = 3። ተማሪ ይህን በካሬ ወረቀት ላይ አንዴ በእጁ ከሣለው የ«ለ»ን ግማሽ በራሱ አባዝቶ የሚጨምርበትን ምክንያት ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ያየው ነገር ነው።

ምላሽ 9 አጭር ጥያቄ ነበረው፦ −13 የት ሄደ? መ −13 ቢሆን 169 ሲቀነስ 130 በእርግጥም 39 ነው። ምላሽ 10 መለሰለት። የጎን ርዝመት ኔጌቲቭ ስለማይሆን አል-ኸዋሪዝሚ ሁለተኛውን መልስ አልቆጠረውም። ህንዳዊው ብራህማጉፕታ ግን ከእሱ በፊት፣ በ628፣ ኔጌቲቭ ቁጥሮችን ስለመደመርና ስለማባዛት ሕግ ጽፎ ነበር። ኔጌቲቭን መፍራት ያስከፈለውን ዋጋም አሳየ፦ ዛሬ በአንድ መስመር የምንጽፈውን እኩልታ አል-ኸዋሪዝሚ በስድስት ዓይነት መክፈል ነበረበት፣ ለእያንዳንዱም የየራሱን አፈታት መስጠት።

ምላሽ 11 ትዕግሥቱ አልቋል። ታሪኩ ይቆየን፣ ነገ ፈተና አለብኝ፣ መ² ፊት ለፊት 3 ወይም 7 ሲኖር ሁሉንም አካፍዬ ክፍልፋይ ውስጥ ስገባ እጠፋለሁ፣ ለዚህ መድኃኒት ያለው ይናገር አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ካሬ ማሟላትን የሚጠላው በክፍልፋዩ የተነሳ ነው።

ምላሽ 12 መድኃኒቱን ሰጠው። አታካፍል፤ በ4ሀ አባዛ። 3መ² + 5መ − 2 = 0ን ወሰደ። 4 ጊዜ 3፣ 12 ነው፤ ሁሉን በ12 ሲያባዛ 36መ² + 60መ − 24 = 0። አሁን 36መ² + 60መ የ(6መ + 5)² መጀመሪያ ነው፤ የጎደለው 25 ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ላይ 25 ተጨምሮ፣ 24ም ወደ ቀኝ ተሻግሮ፦ (6መ + 5)² = 49። ስለዚህ 6መ + 5 ወይ 7 ነው ወይ −7። መ = ⅓ ወይም መ = −2። አንድም ክፍልፋይ መንገድ ላይ አልታየም። ከዚያ ያንኑ በፊደል ደገመው፦ (2ሀመ + ለ)² = ለ² − 4ሀሐ። የቀመሩ 4ሀሐ እና 2ሀ የተወለዱት እዚህ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ህንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ባስካራ ይህን አካሄድ ከእሱ በፊት ለነበረው ለሽሪድሃራ እንደሚሰጠውም ጨመረበት። ፈተና ያለበት ሰው በ13 መጥቶ አመሰገነ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ያሉት ምላሾች ስሕተት ይዘው የመጡ ናቸው፣ እዚህ ነው ድምፁ የሻከረው። በ14 አንድ ተማሪ (መ − 2)(መ − 3) = 6ን ሲፈታ መ − 2 = 6፣ መ − 3 = 6 ብሎ 8 እና 9 ጻፈ። ምላሽ 15 ሳቀበት፤ ተመልሰህ ብትከተው 30 እና 42 እንደሚሰጥህ አላየህም ወይ አለ፤ ትክክለኛውን መንገድ ግን አልነገረውም። መምህሩ (የምላሽ 2 ባለቤት) በ16 ገቡና ሳቁን ገሠጹት። ይህ ስሕተት የሚመጣው ተማሪው «እያንዳንዱን ቅንፍ ከቀኙ ቁጥር ጋር አስተካክል» የሚለውን ድርጊት ተምሮ ምክንያቱን ስላልተማረ ነው አሉ። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 0 ከሰጡ አንዱ ግድ 0 ነው፤ ተባዝተው 6 ከሰጡ ግን ምንም ግድ የለም፣ 2 እና 3፣ 1 እና 6፣ ½ እና 12 ሊሆኑ ይችላሉ። ቅንፉን ዘርግተው መ² − 5መ = 0 አወጡ፤ መልሱ 0 እና 5።

0 መልስ መሆኑ ሌላ ክርክር ወለደ። ምላሽ 17 መ² = 5መን ሁለቱንም ወገን በመ አካፍሎ 5 ብቻ ማግኘት እንዴት ስሕተት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በመ ስታካፍል መ 0 አይደለም ብለህ ወስነሃል፤ ያልተፈቀደልህን ውሳኔ ወስደህ አንዱን መልስ ጣልከው የሚል ምላሽ በ18 ተሰጠው። 19 እና 20 √9 ስንት ነው በሚለው ተያያዙ። 19 ኛው +3 እና −3 ነው አለ፤ 20 ኛው 3 ብቻ ነው አለ፤ ከዚያ ሁለቱም ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረዱ፣ ጥቂት ልጥፎችም የስድብ ጠርዝ ነክተዋል። ነገሩ የተቋጨው በ23 ነው። √ የሚለው ምልክት የሚሰጠው ኔጌቲቭ ያልሆነውን አንድ ቁጥር ነው፤ መ² = 9 ግን ሁለት መልስ አለው። ቀመሩ ውስጥ ± በግልጽ የተጻፈውም √ ብቻውን ሁለቱን ስለማይሰጥ ነው። 19 ኛው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ዝም ብሏል።

ምላሽ 24 ዲስክሪሚናንቱ (ቀመሩ ውስጥ ከ√ ሥር ያለው ለ² − 4ሀሐ) ኔጌቲቭ ሲሆን «መልስ የለውም» ብሎ መጻፍ ይበቃል ወይ ሲል ጠየቀ። 25 ለእኔ ከምላሽ 4 ቀጥሎ የወደድኩት ነው። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርዳኖ በ1545 ያነሳውን ጥያቄ አመጣ፦ 10ን ብዜታቸው 40 ወደሚሆን ሁለት ክፍል ክፈል። የምላሽ 4ን መንገድ ተከተለ። መሀሉ 5 ነው። 25 − ር² = 40፤ ስለዚህ ር² = −15። ካርዳኖ እዚህ አልቆመም፤ መልሶቹን 5 + √−15 እና 5 − √−15 ብሎ ጽፎ ሲያባዛቸው በእርግጥም 25 + 15 = 40 እንደሚሰጡ አየ። በሪል ቁጥሮች (በቁጥር መስመር ላይ ባሉት) ውስጥ መልስ የለውም ማለት ትክክል ነው፤ የመልስ ወረቀቱ ላይ ያቺ «በሪል ቁጥሮች ውስጥ» የምትለዋ ሐረግ መቅረት የለባትም። ግራፉን ብንስለውም ኩርባው አግድሙን መስመር ሳይነካ ከላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ታችኛው ነጥቡ ግን አሁንም 5 ላይ ነው። መልሶቹ ከመስመሩ ሲጠፉ መሀላቸው አልጠፋም።

ካርዳኖ ከተነሳ ዘንዳ ክሩ መንገዱን ሳተ። ሦስተኛ ድግሪ እኩልታስ (መ³ ያለበት) ቀመር አለው ወይ ተባለ፤ አለው፣ አራተኛም አለው፣ ሁለቱም በዚያው በ1545 ታትመዋል። አምስተኛ ድግሪ ግን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና በሩት ብቻ የሚጻፍ አጠቃላይ ቀመር ሊኖረው እንደማይችል ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ አቤል በ1824 አረጋገጠ። ከዚያ ካርዳኖና ሌላው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ ታርታሊያ ስለተጣሉበት ነገር ረጅም ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ከርዕሱ ውጭ ስለሆነ እዘለዋለሁ።

ክሩን ወደ ርዕሱ የመለሰው ምላሽ 31 ነው፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው። ምላሽ 1 ላይ ቀመሩ አያሳፍርም መባሉን ጠቅሶ፣ ኮምፒውተር ላይ ያሳፍራል አለ። መ² − 100000000መ + 1 = 0ን በተለመደው ባለ 64 ቢት ስሌት (ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ቁጥር የተወሰኑ አሃዞችን ብቻ በሚይዝበት)፣ ቀመሩን እንዳለ ገልብጠህ ብታሠራው፣ ትንሹ መልስ 0.00000000745 ገደማ ሆኖ ይወጣል። እውነተኛው 0.00000001 ነው። ሩብ ያህል ስሕተት! ምክንያቱ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ኮምፒውተሩ የያዛቸው ትክክለኛ አሃዞች ተጣፍተው የማጠጋጋት ትርፍራፊ ብቻ ስለሚቀር ነው። መፍትሔውስ? ትልቁን መልስ በቀመሩ አውጣ፣ እዚያ መቀናነስ የለምና። ትንሹን ለማግኘት ግን ምላሽ 2 ላይ መምህሩ ያሉትን አስታውስ፤ ብዜታቸው 1 ነው፤ 1ን ለትልቁ አካፍል። ድምርና ብዜትን የማያውቅ ሰው ይህን ስሕተት ማረም ቀርቶ መኖሩንም አይጠረጥርም። ክር ከፋቹ እዚህ ላይ በ32 ተመልሶ መሸነፉን ሳይሆን መማሩን ጻፈ፤ ደስ የሚል አጻጻፍ ነበር።

33 ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል አለ፣ በቅንነት። 34 በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ወሰደ። የስበትን ፍጥንጥነት ወደ 10 ካጠጋጋነው ከፍታው 20ሰ − 5ሰ² ነው፣ «ሰ» በሰከንድ። 15 ሜትር ላይ መቼ ይደርሳል? በ1ኛው ሰከንድ ሲወጣ፣ በ3ኛው ሰከንድ ሲወርድ። ሁለቱም መልስ ትርጉም አለው፤ መሀላቸው 2 ደግሞ ድንጋዩ ጫፍ ላይ፣ 20 ሜትር ላይ፣ የደረሰበት ሰዓት ነው። 25 ሜትርን ብትጠይቅ ዲስክሪሚናንቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ እዚያ አይደርስማ።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ፋክተራይዝ ማድረግ ይቅር ወይስ ይኑር በሚለው ላይ ናቸው። 36 ይቅር ባይ ነው፤ ኮኢፊሸንቶቹ ሙሉ ቁጥር ሆነው እኩልታው በሙሉ ቁጥሮች ፋክተር የሚሆነው ዲስክሪሚናንቱ የሙሉ ቁጥር ካሬ ሲሆን ብቻ ነው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄዎች ደግሞ ሆን ተብለው ተመርጠው ነው የሚሰጡት አለ። እውነቱን ነው። ቢሆንም ይኑር እላለሁ፤ ቁጥሮችን ከውስጣቸው ማየት የሚለመደው በዚያ ነው። መምህሩም በ37 ሳይከራከሩ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ መ² + ለመ + 12 = 0 ሁለቱም መልሶቹ ሙሉ ቁጥር እንዲሆኑ ለ ስንት ስንት ሊሆን ይችላል? 38 የ12ን ጥንዶች ዘርዝሮ 13፣ 8 እና 7 አለ። 39 −13፣ −8 እና −7ን ረስተሃል አለው። 40 ደግሞ 12ን በ−12 ቀይሮ ጠየቀ፤ በ41 ያ 8 እና 9 ብሎ የተሳቀበት ተማሪ መጥቶ 11፣ 4፣ 1 ከነኔጌቲቮቻቸው ብሎ ስድስቱንም ጻፈ።